ደብረ ብርሃን ላይ ያስወቀርኩት የታይኖ ባለ ሦስት ጫፍ ድንጋይ፦ ስለ ሠሪው፣ ስለ ዋጋውና ስለ ጥራቱ

ድንጋዩ ይሄን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው፣ ርዝመቱ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 13፣ ሰፈራችን ያለች ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጬው 3 ኪሎ ከ200 ግራም ሆኗል። ከጎኑ ስታዩት ተራራ ይመስላል፣ መሃሉ ላይ ሾጠጥ ያለ ጫፍ ወደ ላይ ወጥቷል፣ በአንዱ በኩል አፉን ከፈት ያደረገ ፊት አለ፣ በሌላው በኩል ደግሞ እንደ እንቁራሪት እጥፍ ያሉ እግሮች፣ ገልብጣችሁ ስታዩት መቀመጫው በትንሹ ጎድጎድ ያለ ነው። ካሪቢያን ደሴቶች ላይ የነበሩት ታይኖዎች ሴሚ ከሚሏቸው የአምልኮ ዕቃዎች የአንዱ ቅጂ ነው፣ የሠራልኝ ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ የመቃብር ሐውልት ጠራቢ ነው። በጣም ስለወደድኩት፣ ደሞ እዚህ እስክደርስ ያየሁትን መጉላላት ሌላ ሰው እንዳያየው ብዬ፣ ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። 1492 ስል ልጆቹ ኮሎምበስን ያውቃሉ፣ ሦስቱን መርከቦች ያውቃሉ፣ ሰውዬው ሲወርድ የተቀበለው ሕዝብ ማን ነበር ስላቸው ግን ዝም ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሙዚየም ገብታ የእነዚህን ድንጋዮች ፎቶ ላከችልኝ፣ መስታወት ውስጥ ስለሆኑ አይነኩም አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ልጆቹ እንዲነኩት፣ እንዲያነሱት፣ ክብደቱ እጃቸው ላይ እንዲያርፍ ነው የፈለግኩት፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ለመታየት የተሠራ ሐውልት አይደለም፣ ከሰው እጅ ወደ እርሻ አፈር የሚገባ፣ ተመልሶ የሚወጣ፣ ከቦታ ቦታ ሊሸከሙት የሚችሉት ዕቃ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቤት ነው፣ ስሙን አልጠቅስም፣ የግቢ ማስዋቢያ ምናምን የሚሠሩ ናቸው። 1,500 ብር ቀብድ ወሰዱ፣ ሁለት ሳምንት ብለው ሁለት ወር አመላለሱኝ፣ በመጨረሻ የሰጡኝ በሲሚንቶ ተቦክቶ በፎርማ የወጣ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር ነው፣ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተላጠ። ድንጋይ ብዬ አይደል ያዘዝኩት ስላቸው ቅርጹ ያው ነው አሉኝ። ያው አይደለም። ታይኖዎቹ ሴሚን ከእንጨትም፣ ከድንጋይም፣ ከአጥንትም፣ ከዛጎልም፣ ከጥጥም ይሠሩት ነበር፣ ግን የትኛው ከምን እንደሚሠራ ዝም ብሎ የተመረጠ አልነበረም፣ ዛፍ ሲነቃነቅ ያየ ሰው ጠንቋያቸውን ቤሂኬውን ይጠራል፣ ቤሂኬው ዛፉን ማን ነህ ምን ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ዛፉ በሚለው መሠረት ነው ተቆርጦ የሚቀረጸው። ማቴሪያሉ ራሱ የሚናገር ነው ለእነሱ። ስለዚህ ሲሚንቶ አምጥቶ ያው ነው ማለት አይሆንም፣ ቀብዴም እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን የምነግራችሁን ሰውዬ ያገኘሁት የጎረቤታችን የሙት ዓመት ላይ ነው። ሐውልቱ ላይ ያለው መስቀል በማሽን የተቆረጠ ሳይሆን በመሮ የተጠረበ ነበር፣ የመሮው ዱካ አንድ በአንድ ይታያል፣ ማነው የሠራው ብዬ ጠይቄ በነጋታው ሄድኩ። ወደ አንኮበር በሚያስወጣው በኩል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ በሩ ላይ የተደረደረ ጥርብ ድንጋይ ካያችሁ እሱ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ እኔ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን ቁርጥ አድርገው ነው።

ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። አዩት፣ በጣታቸው አሰፉት፣ መልሰው አዩት፣ ከዛ "ቲቸር፣ ይሄ ጣዖት ነው እንዴ?" አሉኝ። ልዋሻቸው አልፈለግኩም። ለእነሱ የሚለምኑት የሚመግቡት ነበር፣ እኔ የምፈልገው ግን ለልጆች ማስተማሪያ ነው አልኳቸው። "በዘርዐ ያዕቆብ ከተማ ጣዖት ጥረብ ትይኛለሽ?" አሉ፣ ቀልድም አልነበረም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ንጉሥ በጣዖትና በጥንቆላ ላይ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይሄ ንግግር ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። እኔም ዝም አልኩ። "የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ እጄን አላነሳም" አሉኝና ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ። እንደውም ያኔ ነው ይሄ ሰው ይሠራዋል ብዬ ያመንኩት፣ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ የሚሠራ ሰው አልነበረምና።

በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ፣ አባ ራሳቸው ሊያናግሩኝ ይፈልጋሉ አሉ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ ጉልበት ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ፣ እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። እነዚህን ሰዎች በደንብ የጻፈልን ራሱን ድሃ ባሕታዊ እያለ የሚጠራ ራሞን ፓኔ የሚባል መነኩሴ ነው፣ ኮሎምበስ አዝዞት ከ1494 ጀምሮ አራት ዓመት ገደማ አብሯቸው ኖሮ ቋንቋቸውን እየተማረ የሰማውን መዘገበ፣ የእጅ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ የተረፈው የኮሎምበስ ልጅ ስለ አባቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ በ1571 ቬኒስ ላይ በጣሊያንኛ ስለታተመ ብቻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዘርዐ ያዕቆብ ያረፈው በ1468 ነው፣ ኮሎምበስ እዛ የደረሰው ከዛ 24 ዓመት በኋላ፣ ማለትም የኛ ንጉሥ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እያለ እነሱ ደግሞ በደሴታቸው ይሄንኑ ድንጋይ እየፈተጉ ነበር ስላቸው አባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ነገር ግን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ፓኔ እንደጻፈው ጓሪዮኔክስ የሚባለው የታይኖ አለቃ ሰዎች ከክርስቲያኖቹ ጸሎት ቤት ሥዕሎቹን ወስደው እርሻ ውስጥ ቀበሯቸው፣ ሸኑባቸውም፣ አሁን ፍሬህ ጥሩና ትልቅ ይሆናል አሉ። ስፔኖቹ ይሄን እንደ ስድብ ቆጠሩት፣ የኮሎምበስ ወንድም ባርቶሎሜዎ ሰዎቹን አስይዞ በአደባባይ አስቃጠላቸው። ነገር ግን ታይኖዎች የራሳቸውን ሴሚም አፈር ውስጥ ይቀብሩ ነበር፣ የሚቀብሩት ምርት እንዲሰጥ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ብዙ አጥኚዎች እነዛ ሰዎች ሊያዋርዱት ሳይሆን የአዲሱን እምነት ኃይል ለእርሻቸው ሊጠይቁት ነው የቀበሩት ይላሉ። ሰው የተቃጠለው ባልተግባቡት ነገር ነው። አባ መጨረሻ ላይ "ሰው ምን ይለምን እንደነበር ማወቅ መለመን አይደለም፣ ሥራላት" አሉ፣ ወደኔ ዞረው ደግሞ "ከመስቀል ጋር አንድ ቦታ እንዳታስቀምጪው" አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ቃሌንም ጠብቄያለሁ።

እንግዲህ የተቀበረው ድንጋይ ይሄው ባለ ሦስት ጫፉ ነው። በብዛት የተገኘው ፖርቶ ሪኮ ላይ፣ እነሱ ቦሪኬን በሚሏት ደሴት፣ እና ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በተካፈሏት ደሴት ላይ ነው። ጥንት ከታይኖ በፊት የነበሩት ትንንሽ ናቸው፣ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ፣ ምንም ቅርጽ የሌላቸው፣ እየቆየ ሲሄድ ተለቁ፣ ፊትና እግር ወጣላቸው። ብዙ ምሁራን ከዩካሁ ጋር ያያይዙታል፣ ዩካሁ ማለት የዩካ ማለትም የካሳቫ ጌታ ነው፣ የባሕርም ነው፣ እናቱ አታቤይ ትባላለች፣ አባት የለውም። ካሳቫን ደቡብ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ሥሩ ነው የሚበላው፣ እነሱ አፈሩን ክብ ጉብታ እያደረጉ ግንዱን ቆርጠው ይተክሉበታል፣ ያ ጉብታ ራሱ ከዚህ ድንጋይ ጋር ቁርጥ ነው። መራራው ካሳቫ መርዝ አለው፣ ፍቀውት፣ ጨምቀውት፣ ዱቄቱን ቡሬን በሚባል የሸክላ ምጣድ ላይ ነው የሚጋግሩት፣ አዎ ምጣድ፣ ክብ፣ ሸክላ፣ ከሥሩ እሳት፣ የሚወጣው ካሳቤ የሚባል ደረቅ ስስ ቂጣ ነው። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ነው ፊታቸው የበራው። "ገበሬ ናቸዋ!" አሉ። አዎ ገበሬ ናቸው።

የኮሎምበስ ልጅ ባቆየው የአባቱ ጽሑፍ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ አለቆች ካሲኬዎቹ ሦስት ሦስት ድንጋይ አላቸው ይላል፣ አንዱ ለእህልና ለአትክልት፣ አንዱ ሴት ያለ ምጥ እንድትወልድ፣ አንዱ ለዝናብና ለፀሐይ ሲያስፈልግ። ፓኔም ለወሊድ የሚሆኑትን ድንጋዮች በጥጥ ጠቅልለው በትንሽ ቅርጫት እንደሚያስቀምጧቸው፣ ከሚበሉትም እንደሚያበሏቸው ጽፏል። አለቆቹ የኔ ሴሚ ካንተ ይበልጣል ይባባላሉ፣ ይሰራረቃሉም፣ ስፔኖች ሲመጡ ደግሞ ጫካ ወስደው ይደብቋቸዋል። ማዕበልና አውሎ ነፋስ የምታመጣው ጓባንሴክስ ራሷ ሴሚዋ ከድንጋይ ነበር ይላል ፓኔ፣ ስትቆጣ ቤት ታፈርሳለች ዛፍ ትነቅላለች፣ ሁለት አገልጋዮች አሏት፣ አንዱ አዋጅ ነጋሪ ነው፣ ሌላው ውሃውን ሸለቆ ውስጥ ሰብስቦ የሚለቅ። ክረምት ላይ የኛ የበረሳ ወንዝ ሲሞላ ያየ ሰው ይሄ አይገባውም አትሉኝም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጋሼ መጀመሪያ የሠሩልኝ በግራይንደር ነው። ድንጋዩ ጥሩ ነበር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ከበረሳ የመጣ፣ ውስጡ ቀዳዳ የሌለው፣ በአራት ቀን ጨረሱት፣ ዋጋውም 2,000 ብር ነበር። ሳየው ቅርጹ ትክክል ነው፣ ልኩ ትክክል ነው፣ ሦስቱም ጫፍ አለ፣ ግን ምን ልበላችሁ፣ የሻወር ቤት ዕቃ ይመስላል። ዓይኑ በዲስክ የተቆረጠ ስለሆነ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ ግራና ቀኙ በመስመሪያ የተለካ፣ አፉ ቀጥ ያለ መስመር፣ ጎኑ ላይ የዲስኩ ዙር ዙር ጭረት። ፎቶውን አጠገቡ አድርጌ ሳየው ኦሪጅናሉ ላይ አንድም ሹል ጠርዝ የለም፣ ሁሉም መስመር ወደ ጎኑ እየቀለጠ ነው የሚሄደው፣ ጉንጩ ከዓይኑ ሥር ተነስቶ ወደ ሾጣጣው እስኪደርስ አንድም ቦታ አይቆረጥም። ለመናገር ከበደኝ፣ ሰውዬው ደክመዋል፣ ግን ተናገርኩ። እሳቸውም ሁለቱን አይተው አይተው "ልክ ነሽ፣ ይሄ ተቆርጧል እንጂ አልተሠራም" አሉ። አልተከራከሩም፣ ገንዘብ ጨምሪም አላሉም፣ ሌላ ድንጋይ ፈለጉ። ለዚች ብቻ ሙሉ ኮከብ ይገባቸዋል።

ችግሩ በምን ይሠራ ነው። ታይኖዎች ብረት አልነበራቸውም። ወርቅ ነበራቸው፣ በድንጋይ ቀጥቅጠው ያሳሱታል፣ ለሴሚው ዓይንና አፍ መሙያ ያደርጉታል፣ ብረት ግን የለም፣ ስለዚህ ጠንካራ ድንጋይን በሌላ ጠንካራ ድንጋይ እየነካኩ፣ በአሸዋና በውሃ እየፈተጉ ነው ይሄን ሁሉ ያወጡት። ይሄን ሳስረዳ የጋሼ እናት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ ከመንዝ ማማ ምድር የመጡ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የሚያልፍ ይመስለኛል። "ምን ነበር ያልሽው ልጄ?" አሉኝ። ደገምኩላቸው። "ታዲያ ይሄማ ወፍጮ መውቀር ነው" አሉ።

ሰማችሁ? ወፍጮ መውቀር። የዛሬ ልጅ ላያውቀው ይችላል፣ የእጅ ወፍጮ ሲፈጭ ሲፈጭ ይለሰልስና እህሉን አልይዝ ይላል፣ ያኔ ፊቱን እየነካኩ መልሶ ማሻከር ነው መውቀር ማለት፣ ሴቶቹ የሚሠሩት ሥራ ነው፣ ብረት በሌለበት ቤት በድንጋይ ነው የሚወቀረው። እማማ ግቢው ውስጥ ካለው ክምር ጡጫ የምታህል ድንጋይ መረጡ፣ አንዷን አንስተው ጣሏት፣ ሁለተኛዋን ጣሏት፣ ሦስተኛዋን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ድምጿን ሰሙና "እቺ ትሆናለች" አሉ። ከዛ አዲሱን ድንጋይ ጭናቸው መሃል ጆንያ ላይ አስቀምጠው ጀመሩ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ኃይል የለውም፣ ክንዳቸው አይነሳም፣ የእጃቸው አንጓ ብቻ ነው የሚሠራው፣ በእያንዳንዱ ምት የምትወጣው እንደ ጨው ያለች ነጭ ዱቄት ናት። ትንሽ ከሄዱ በኋላ እፍ ይላሉ፣ በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ይቀጥላሉ። "በጉልበት ከመታሽው ይሰነጠቃል፣ ካባበልሽው ይሰጥሻል" አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው የዓይኑ ጉድጓድ ቦታ ላይ እንደ ሽምብራ ያለች ጎድጓዳ ታየች፣ ጠርዝ የላትም፣ ልክ እንደ ፎቶው። ጋሼ ከጎናቸው ቆመው እያዩ ነበር፣ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

ከዛ በኋላ ያለው ሥራ የጋሼ ነው፣ እማማ ዓይናቸው ስለሚደክም ፊቱን ብቻ ነው የጀመሩት። አርባ ቀን ገደማ ፈጀ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየሄድኩ አይቻለሁ። ሲወቀር ድንጋዩ ነጣ ብሎ ሸካራ ይሆናል፣ በረዶ የመታው ይመስላል፣ አስቀያሚ ነው ለማለት ይቻላል፣ ትንሽ ደንግጬም ነበር፣ ከዛ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እርጥብ አሸዋ እያደረጉ መፈተግ ሲጀምሩ ከሥሩ ጥቁሩ እየበራ መጣ። ዘይት የለም፣ ቫርኒሽ የለም፣ የብርጭቆ ወረቀት እንኳን አልነካውም፣ ብርሃኑ የራሱ ነው። ጉንጩ ሥር ግን ሆን ብለው ሳይፈትጉ የተውት አለ፣ እዛ ጋ የምቶቹ ነጠብጣብ አሁንም አለ፣ ጣታችሁን ስታሳርፉበት ይሰማችኋል። ይሄን ቦታ ነው ልጆቹ ሁሉ ሳይነገራቸው የሚነኩት።

አንድ ቀን ጋሼ እየፈተጉ "እኛ ጋስ ከክርስትናው በፊት እንዲህ ያለ ነበር ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ይሄን ይሄን የመሰለ ባይሆንም በመንዝና በግሼ በኩል ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልሆኑ ሰዎች ሙታናቸውን የድንጋይና የአፈር ጉብታ ሥር ከዶቃና ከጥቁር የሸክላ ዕቃ ጋር ይቀብሩ እንደነበር፣ ፈረንሳዮች ቆፍረው የሻይ ባህል ብለው እንደሰየሙት፣ ስሙም ከወንዙ እንደተወሰደ ነገርኳቸው። እማማ ከበር ላይ ሆነው "ያንን ጉብታማ እናውቀዋለን፣ ልጅ ሆነን አትውጡበት እንባል ነበር" አሉ። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ሌላ ጊዜ።

ክፍል ውስጥ ያደረግኩት ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ምንም ሳልናገር ከፊት ወደ ኋላ አሳለፍኩት። አርባ ስምንት ልጅ ነው፣ ሁሉም በሁለት እጁ ነው የተቀበለው፣ እንደዛ አድርጉ ያላቸው የለም። ከዛ ነው ኮሆባ ስለሚባለው ሥርዓታቸው የነገርኳቸው፣ አለቃው ይጾማል፣ በቀጭን አጥንት ጉሮሮውን ነክቶ ያስመልሳል፣ ንጹሕ ሆኖ ለመቅረብ ነው፣ ዱሆ የሚባል ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ሳህን ካለው ሴሚ ላይ ከዛፍ ፍሬ የተፈጨውን ዱቄት ጫፉ ለሁለት በተከፈለ ቱቦ በአፍንጫው ይስባል፣ አንገቱን አዘንብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቆያል፣ ከዛ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ይናገራል፣ የሚጠይቀውም ዝናብ ይመጣል ወይ፣ ጦርነት አለ ወይ፣ የታመመው ይድናል ወይ ነው። የካሳቤ ቂጣ ለሴሚ ቀርቦ ከዛ ለየቤቱ ተቆርሶ እንደሚከፋፈል፣ ያችን ቁራሽ ከክፉ እንድትጠብቃቸው ዓመቱን ሙሉ እንደሚያስቀምጧትም ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "እነሱ አሁን የት ናቸው?" አለችኝ። በበሽታ፣ በወርቅ ቁፋሮ ጉልበት፣ በጦርነት፣ በረሃብ ኮሎምበስ ከመጣ በኋላ ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ እንዳለቁ፣ ነገር ግን ዘራቸው ፈጽሞ እንዳልጠፋ፣ ዛሬም ፖርቶ ሪኮ ላይ ታይኖ ነን የሚሉ እንዳሉ፣ ኡቱዋዶ አጠገብ ካጓና የሚባለው የድንጋይ ሥዕል የቆመበት አደባባያቸው እስካሁን እንዳለ ነገርኳት። ዝም ብላ ድንጋዩን ድጋሚ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን። አንደኛ ነገር ቀኑን አይጠብቁም፣ ሐውልት ከመጣ የናንተ ሥራ ወደ ጎን ይባላል፣ የሞተ ሰው ቤተሰብ አይጠብቅምና እረዳቸዋለሁ፣ ግን በሃያ ቀን ይደርሳል ተብዬ አርባ ሆኗል፣ ለምትቸኩሉበት ነገር አትመኑበት። ስልክ አያነሱም፣ በአካል መሄድ ነው፣ ያውም ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲጀምር ይዘጋሉ። ሌላው የኋላ እግሮቹ ናቸው፣ ግራው ከቀኙ በጣት ያህል አጥሮ ቀርቷል፣ ድንጋዩ ላይ ደም ሥር ስለወጣ ቢቀጥሉ ይሰነጠቅ ነበር፣ ነግረውኛል፣ ተስማምቻለሁ፣ ግን ፍጹም ቅጂ ለምትፈልጉ ሰዎች እወቁት። መቀመጫውም ትንሽ ስለሚወዛወዝ ሥሩ ጨርቅ አደርጋለሁ። ደረሰኝ የላቸውም፣ ለትምህርት ቤት ሒሳብ የምታወራርዱ ከሆነ ይሄ ያስቸግራችኋል፣ እኔ ከኪሴ ስለሆነ አላስቸገረኝም።

ዋጋው 6,500 ብር ነው የተወቀረው፣ ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ሲያልቅ። የአርባ ቀን ሥራ መሆኑን አስቡት። የግራይንደሩን 2,000 አልቀበልም ብለው መልሰውልኛል፣ እኔ ግን ለእማማ ጋቢ ገዝቼበት ወሰድኩላቸው። ከሄዳችሁ የሚወቀር ነው የምፈልገው በሉ፣ በዚሁ ቃል፣ ካልነገራችኋቸው ማሽኑን ነው የሚያነሱት፣ ፎቶም ከፊት ብቻ አትውሰዱ፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከሥር፣ አራት አምስት ፎቶ አሳትማችሁ ውሰዱ፣ የስልኩ ስክሪን ላይ ጥልቀቱ አይታያቸውም። ድንጋዩን ራሳቸው ይምረጡ፣ እኔ ያመጣሁትን አንዴ ነካ አድርገው ድምፁን ሰምተው ነው የጣሉት።

አሁን የድንጋይ ቀለበቱን አዝዣለሁ፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ የተገኙት የአንገት ማነቂያ የሚመስሉ ግን ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ ትልልቅ ሞላላ ቀለበቶች አሉ፣ ባቴይ በሚባለው አደባባይ ላይ በዳሌያቸው በሚመቱት የጎማ ኳስ ጨዋታ ጊዜ ከሚታጠቁት ነገር ጋር ብዙዎች ያያይዟቸዋል፣ ባለ ሦስት ጫፉ ድንጋይ እላዩ ላይ ይታሰር ነበር ያሉም አሉ። ጋሼ ፎቶውን አይተው መሃሉን ሳይሰብሩ ማውጣት ከባድ መሆኑን ነገሩኝ፣ ሦስት ወር ጠየቁ፣ እኔ አምስት ብዬ ይዣለሁ። እማማ ግን ባለፈው ስሄድ የሚወቀርበትን ድንጋይ መርጠው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ ነበር።